«ካልተቆረጠ አንድ ሌሊት ያንቀዋል» ይሉኛል አማቴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። ትንሹ ልጄ ዓመት ከአሥር ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አፍንጫው መፍሰስ ጀመረ፣ ትንሽም አተኮሰው። የጥቅምት ብርድ ነው፣ ጉንፋን ይዞት ነው ብዬ ብዙም አላሰብኩበት። ረቡዕ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ግን አንድ ድምፅ አባነነኝ። ቡችላ ቤት ውስጥ ገብቶ የሚጮኽ ነበር የመሰለኝ። መብራት ሳበራ የሚስለው አቡሽ ነው። አልጋው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ድምፁ ግን ተዘግቷል። አየር ወደ ውስጥ በሳበ ቁጥር ጉሮሮው ላይ የሚፍቅ ነገር ያለ ይመስል ሻካራ ድምፅ ይሰማል።

የባለቤቴ ሥራ ባሕር ዳር ስለሆነ ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ አማቴና ሁለቱ ልጆች ነን። አማቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተው ሊያጥኑት ከሰል ማቀጣጠል ጀመሩ። እኔ ልጁን በጋቢ ጠቅልዬ ወጣሁ። ባለ ባጃጅ ጎረቤታችንን ቀሰቀስኩና ወደ ሕክምና ሄድን። መንገድ ላይ ብርዱ ፊቱን ሲመታው «በራሴ እጅ ልገድለው ነው» እያልኩ አለቀስኩ። ስንደርስ ግን ልጁ ተረጋግቷል። ይስላል እንጂ ያ አስፈሪ ድምፅ የለም። ተረኛዋ ባለሙያ አየችውና «ጉንፋን ነው፤ ለዚህ በሌሊት ባትመጪም ነበር» ብላ አሞክሳሲሊን ጻፈችልኝ። እንዴት እንዳፈርኩ። ሐሙስ ሌሊት ደገመው፤ ቀለል ያለ ስለነበር በረንዳ ላይ አቅፌው ቆየሁ። ከዓርብ ጀምሮ ተሽሎታል። አሁን ቀለል ያለ ሳል ብቻ ነው የቀረው።

የከበደኝ የአማቴ ነገር ነው። «እንጥሉ ወርዷል፤ ካልተቆረጠ አንድ ሌሊት ያንቀዋል» ይላሉ። ባለቤቴንም እህቶቹንም በልጅነታቸው አስቆርጠዋል። አዘዞ አካባቢ የሚቆርጡ ሴትዮ ስላሉ ለመጪው ቅዳሜ ተነጋግረዋል። እምቢ ስላቸው «እኔ ስድስት ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ አንቺ በስልክ ያነበብሽውን ልታስተምሪኝ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈናል፤ ቡና እንኳን አብረን አንጠጣም። ባለቤቴ በስልክ «የምትልሽን ብታደርጊ ምን አለበት? እኔስ ተቆርጬ ምን ሆንኩ?» ይለኛል። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። እኔ ሥራ ስውል ልጆቼን የሚያዩልኝ እሳቸው ናቸው። ግን እኔ በሌለሁበት ወስደው ያስቆርጡብኛል ብዬ ልቤ አልረጋ አለ።

ልጄን ያመመው ምንድን ነው? ተመልሶ ቢመጣ በሌሊት ልሩጥ ወይስ እስኪነጋ ልጠብቅ? አማቴንስ ምን ልበላቸው? ደግሞ የአምስት ዓመቷ እህቱ ከሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። ይጋባባት ይሆን?

የአቡሽ እናት ነኝ

*

እህቴ፣ «እንዴት እንዳፈርኩ» ካልሽው ልጀምር። ያን ሌሊት ልጅሽን ይዘሽ መውጣትሽ ትክክል ነበር። ሕፃን ልጅ አየር ሲስብ እንዲህ ያለ ድምፅ ካሰማ እናቱ እስኪነጋ ቁጭ ብላ አትጠብቅም። ስትደርሺ ተሽሎት መገኘቱም ያላመመውን ልጅ ይዘሽ ሄድሽ ማለት አይደለም። የሕመሙ ጠባይ ነው። በእኩለ ሌሊት ይነሳል፣ ቤቱን ሁሉ ያስደነግጣል፣ መንገድ ላይ ይቀላል፣ ሐኪም ፊት ሲደርስ ልጁ በሐኪሙ ማዳመጫ መጫወት ይጀምራል። ተረኛዋ የተናገረችሽ ግን ልክ አልነበረም። ለሚታፈን ልጅ በሌሊት የመጣች እናት «ለምን መጣሽ» አትባልም። እሷ ያየችው የተረጋጋ ልጅ ነው፤ አንቺ ቤት የሰማሽውን አልሰማችም። ለዚህ መላ አለው፤ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

የነገርሽኝ ምልክት ሁሉ ክሩፕ ወደሚባለው ሕመም ያመለክታል። ልጁን ሳይመረምር በደብዳቤ ብቻ ይህ ነው ብሎ የሚቆርጥ ሰው የለም፣ ስለዚህ ሐኪም ማየቱ አይቀርም። ግን ታሪክሽ ከክሩፕ ጋር በጣም ይገጥማል። አንድ ሁለት ቀን ጉንፋን ይቀድማል። ከዚያ በሌሊት እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል፣ የተዘጋ ወይም የጎረነነ ድምፅ፣ አየር ሲገባ የሚሰማ ሻካራ ድምፅ ይመጣል። የሚበዛው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው፤ የአንቺው ልጅ መሐሉ ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሌሊቶች ይከፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ይበርዳል፣ ተራው ሳል ግን ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ብዙ ጊዜ ፓራኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ቢሆንም ሌሎች የጉንፋን ቫይረሶችም ያመጡታል። ቫይረሱ ማንቁርትንና ከሱ በታች ያለውን የአየር ቧንቧ ያሳብጣል። አንቺን ወይም እኔን ቢይዘን ድምፃችን ጎርነን ብሎ ይቀራል። የሕፃን የአየር ቧንቧ ግን በተፈጥሮው ጠባብ ነው። ትንሽ ሲያብጥ አየሩ በጠባቡ ተጋፍቶ ያልፋል፤ የሰማሽው ሻካራ ድምፅ ያ ነው። ልጁ ሲያለቅስና ሲደናገጥ በኃይል ስለሚስብ ይብስበታል። ለዚህ ነው ዝም ማሰኘትና ማቀፍ በክሩፕ ጊዜ እንደ ሕክምና የሚቆጠረው።

ስለ እንጥል የማወራሽም ከዚህ ተነስቼ ነው። እንጥል የላንቃ ጫፍ ላይ፣ አፍ ውስጥ የተንጠለጠለች ሥጋ ናት። ክሩፕ የሚያሳብጠው ቦታ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ፣ ከድምፅ አውታር በታች ነው። እንጥልን ቆርጦ ያንን እብጠት መንካት አይቻልም። ጉንፋን ሲይዝ እንጥልም ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል፤ ልጁን አፉን ከፍቶ የሚያይ ሰው «ይኸው ወርዷል» ቢል አይገርምም። ልጁን ያፈነው ነገር ግን እሱ አይደለም።

ታዲያ ለምንድን ነው ይህን ያህል እናት «አስቆርጬው ዳነልኝ» የምትለው? ይህን አንቺም አማትሽም አብራችሁ እንድታስቡት እፈልጋለሁ። ክሩፕ ሁለት ሌሊት ያስጨንቅና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን በራሱ ይለቃል። ቤተሰብ ደግሞ ልጁን ለመቁረጥ የሚወስደው ከሁለቱ ክፉ ሌሊቶች በኋላ ነው። በማግስቱ ልጁ ይሻለዋል። ምስጋናው ለምላጩ ይሆናል። አቡሽን ተመልከቺው። ማንም አልቆረጠውም፣ ከዓርብ ጀምሮ ተሽሎታል። ሐሙስ አስቆርጠሽው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሴትዮዋ ስም በሠፈሩ ሁሉ ይነገር ነበር። አሞክሳሲሊንም እንዲሁ ያልሠራውን ምስጋና ይወስዳል፤ ፀረ ባክቴሪያ ስለሆነ በቫይረስ ለሚመጣ ክሩፕ አይሠራም። አሁን በራስሽ ጀምረሽ አታቋርጪው፤ ልጁን ስታሳዪ ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂና «ይቀጥል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ደረቱ ላይ የሰማችው ሌላ ነገር ኖሮም ይሆናል።

የመቁረጡ አደጋ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ሕፃን ደግሞ ለመፍሰስ የሚተርፍ ደም የለውም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ምላጩ ከልጅ ልጅ ከተዛወረ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። መንጋጋ ቆልፍም አለ። ባለቤትሽ «እኔስ ምን ሆንኩ?» ማለቱ ይገባኛል። እሱ ስለተረፈ ነው መጠየቅ የቻለው። ደም ፈሶት ያልተመለሰ ልጅ ግን ይህን አይጠይቅም። ይህን ሳትጣዪው፣ ረጋ ብለሽ ንገሪው።

አሁን ተመልሶ ቢመጣ ወደምታደርጊው እንሂድ። ክሩፕ አንዳንድ ልጆች ላይ ይደጋገማል፣ ስለዚህ ማወቁ ይጠቅምሻል።

ዋናው ነገር የሳሉ ድምፅ አይደለም። ሳሉ ሁልጊዜም ያስፈራል። ልጁን አቅፈሽ ካረጋጋሽው በኋላ አተነፋፈሱን ተመልከቺ። እንደ ቡችላ እየሳለ ነገር ግን ሲረጋጋ ያለ ድምፅ የሚተነፍስ፣ ውኃ ወይም ጡት የሚወስድ፣ ፊትሽን አይቶ የሚያውቅሽ ከሆነ እስኪነጋ ቤት ልትይዢው ትችያለሽ። ግን አጠገቡ ተኚ፣ ጠዋት ደግሞ ጤና ጣቢያ አሳዪው። ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ተቀምጦም ሻካራው ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ያኔውኑ ተነሺ። ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን እዪ። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም አንገቱ ሥር ያለው ጉድጓድ የሚጠልቅ ከሆነ አትጠብቂ። መጠጣት ካቃተው፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረከረከ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ሲወራጭ ቆይቶ ከዛለና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ እንኳን መንጋት ጫማ መፈለግም አያስፈልግም።

አንድ ነገር አደራ። ድምፁ ሲቀንስ ሁልጊዜ ተሻለው ማለት አይደለም። ልጁ ነቅቶ፣ ፊቱ ወዝ ኖሮት፣ ዙሪያውን እያየ ድምፁ ከቀነሰ ደስ ይበልሽ። የአቡሽ እንዲያ ነበር። ልጁ ደክሞ፣ ዓይኑ እየተከደነ ድምፁ ከጠፋ ግን የሚገባው አየር ስላነሰ ነው። ያ ከጩኸቱ ሁሉ የባሰ ምልክት ነው።

ስለ ብርዱ ደግሞ በራስሽ ላይ የጫንሽውን ጥፋት አውርጂው። «ልገድለው ነው» ያልሽው የሌሊት አየር ሳይጠቅመው አልቀረም። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጄኔቫ ጥናት አለ። ክሩፕ የያዛቸው 118 ልጆች ሁሉም እብጠቱን የሚያስታግሰውን መድኃኒት (ዴክሳሜታዞን፣ ወደ ታች እነግርሻለሁ) ወስደው ግማሾቹ 30 ደቂቃ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ የውጭ አየር ውስጥ ቆዩ፣ ሌሎቹ ክፍል ውስጥ። ከውጭ የቆዩት ቶሎ ቀለላቸው። ቀለል ላለና መካከለኛ ለሆነ ክሩፕ ማለት ነው። የጎንደርን የጥቅምት ሌሊት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ በጋቢ ሞቅ አድርገሽ ጠቅልይው፣ ፊቱን ብቻ ክፍት አድርጊ፣ በረንዳ ላይ ወይም በተከፈተ መስኮት አጠገብ አቅፈሽው ቁሚ። ሐሙስ ሌሊት ማንም ሳይነግርሽ ያደረግሽው ይህንኑ ነው። ምልክቱ ከባድ ከሆነ ግን በረንዳው አያስቆይሽ፤ አየሩን መንገድ ላይ ያገኘዋል።

የባሕር ዛፍ እንፋሎቱን ግን ተዉት። ለክሩፕ እንደሚረዳ የታየ ነገር የለም፤ በጨለማ፣ በድንጋጤ፣ በሚወራጭ ልጅ አጠገብ የፈላ ውኃ ማስቀመጥ ደግሞ ብዙ ልጅ አቃጥሏል። የባሰ የሚያሳስበኝ ከሰሉ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ጤነኛ ሰውም ይገድላል። አየር ላነሰው ልጅ ጭስ መጨመር ነው፤ እጣኑም ጭምር ለጥቂት ቀን ይቅር። ማንኪያ አፉ ውስጥ ከታችሁ ጉሮሮውን ለማየት አትሞክሩ፣ ልጁን በግድ አታስተኙት፤ የሚመቸው ቁጭ ብሎ ነው። በሚታፈንበት ሰዓት ዳማ ከሴም ሆነ ሌላ የቅጠል ጭማቂ በግድ አትጋቱት፣ ትን ሊለው ይችላል። ሲረጋጋ ግን ለብ ያለ ውኃ በየትንሹ አጠጪው። ዓመት ስላለፈው ትንሽ ማር መላስ ይችላል፣ ለሳሉ ያስታግስለታል። ትኩሳት ካስቸገረው ፓራሲታሞል በኪሎው መጠን ይሰጠዋል። የሳል ሽሮፕ ከፋርማሲ አትግዢ።

ሕክምና ቦታ ስትደርሺ የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ነው። እብጠቱን የሚያስታግስ ስቴሮይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ በአፍ ወይም በመርፌ ይሰጣል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልጁን ያቀለዋል። ሕመሙ ቀላል ለሆነም ይጠቅማል። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ ግን ከፋርማሲ ራስሽ ገዝተሽ እንዳትሰጪው። ከበድ ካለ አድሬናሊን በኔቡላይዘር፣ በማስክ ያስተነፍሱታል፤ እንደ ሁኔታው ኦክሲጅንም ይጨመራል። አድሬናሊን በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፣ ኃይሉ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ያልቃል። ስለዚህ ወዲያው ተሻለው ብለሽ ልጁን ይዘሽ ለመውጣት አትቸኩዪ፤ ጥቂት ሰዓት እዚያው ይታይ።

ያልኩሽ መላ ይኸው። ልጁን አንድ እጅሽ አቅፎ ሌላው ስልክ ይያዝ፤ ሳሉንና አተነፋፈሱን ሠላሳ ሰከንድ በቪዲዮ ቅጂው። ሐኪሙ ያንን ሲሰማ ያንቺን ምስክርነት አይጠብቅም። ቃሉንም አሳጥረሽ ያዢ፦ «ሁለት ቀን ጉንፋን ነበረው፣ ሌሊት ሳሉ እንደ ውሻ ጩኸት ሆነ፣ ሳያለቅስም አየር ሲስብ ድምፅ ነበረው።» በተለይ «ሳያለቅስም» የምትለዋን አትርሺ። በየጤና ጣቢያው ያሉ ባለሙያዎች የሕፃናት ሕክምና ሥልጠና ላይ፣ በተረጋጋ ልጅ ላይ የሚሰማ እንዲህ ያለ ድምፅ የአደጋ ምልክት መሆኑን ይማራሉ። «ክሩፕ ይሆን ወይ?» ብለሽ መጠየቅም መብትሽ ነው።

ክሩፕ የማይመስሉ ጊዜያትም አሉ። ጉንፋን ሳይቀድም፣ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ሲበላ ድንገት ትን ብሎት የተጀመረ ከሆነ የገባ ነገር ሊኖር ይችላል፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። በጣም አተኩሶት፣ ሳይስል፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ምራቁ የሚዝረከረክ ከሆነም እንዲሁ። ተረጋግቶ ሳለ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ የሳምባ ምች ሊሆን ይችላል። የክትባት ካርዱንም አውጥተሽ እዪ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ጉሮሮ ከሚዘጉት አደገኛ ሕመሞች ከዲፍቴሪያና ከሂብ ባክቴሪያ ይጠብቀዋል። የኩፍኙ ደግሞ በ9 እና በ15 ወር ነው፤ ኩፍኝም እንዲህ ያለ መታፈን ያመጣልና። የጎደለ ካለ ጤና ጣቢያ ይሞላልሻል።

አሁን ወደ አማትሽ። ብዙ ያሰብኩት እሳቸውን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «አንድ ሌሊት ያንቀዋል» ሲሉ ይህን ያህል እርግጠኛ ያደረጋቸው ምን እንደሆነ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ስድስት ያሳደጉ እናት ናቸው። በእሳቸው ጊዜ ዲፍቴሪያና ኩፍኝ በየመንደሩ ልጅ ይወስዱ ነበር። ታንቆ የሞተ ሕፃን አይተው ይሆናል፤ የጎረቤት፣ የእህት፣ ወይም ለማንም ያልነገሩት የራሳቸው። እንዲህ ያለ ሰው «ልማድ ነው፣ ጎጂ ነው» ሲባል የሚሰማው «ፍርሃትሽ ከንቱ ነው» የተባለ ያህል ነው። ፍርሃታቸው ግን ከንቱ አይደለም። አንቺም እኮ ያን ሌሊት የፈራሽው ያንኑ ነው። ሁለታችሁ አንድ ልጅ እንዳይታፈን ነው የምትጣሉት።

ስለዚህ ቡናውን አንቺ አፍይው። ኩርፊያውን ቀድሞ መስበር ሽንፈት አይሆንብሽም። ስለ እንጥል ሳታነሺ ስለዚያ ሌሊት አውሪ። እንዲህ ልትያቸው ትችያለሽ፦ «እማዬ፣ ያን ሌሊት እኔም ልሞት ነበር። እርስዎም እንደደነገጡ አይቻለሁ። እንዲህ ሲታፈን ያዩት ልጅ ነበር እንዴ?» ከዚያ ዝም በይ፤ ይናገሩ። የሚነግሩሽ ነገር ካለ መልስ አትስጪ፣ አታርሚያቸው። ማረሚያው በሌላ ቀን ይደርሳል።

ያ ሌላ ቀን ከቅዳሜ በፊት መሆን አለበት፤ የሚያርማቸው ሰው ደግሞ አንቺ ባትሆኚ ይሻላል። ምራት አማቷን ስታስተምር ነገሩ ከልጁ ሕመም ወጥቶ የቤቱ ባለቤት ማን ነው ወደሚለው ይሄዳል። ልጁን ስታሳዪ አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። «እማዬ፣ እርስዎም ይምጡና የልብዎን ይጠይቁልኝ» በያቸው። እንጥሉን ሐኪሙ ከፍቶ ይይላቸው፣ እሳቸው ራሳቸው «ወርዷል ወይስ አልወረደም?» ብለው ይጠይቁ። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተባት ከተማ ናት፤ የእሳቸው ዕድሜ ሰው ከሐኪም ጋር አዲስ ትውውቅ የለውም። ከሆስፒታሉ ሐኪም አፍ የሚሰሙት ከኔም ካንቺም ስልክ ይበልጣል። ሆስፒታል ከራቀብሽ የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ ብታናግራቸውም ጥሩ ነው።

ከዚያ ሥራ ስጫቸው። ሌሊት ልጁ ሲነሳ ማን ያቅፈዋል? እሳቸው። እጃቸው ስድስት ልጅ ያባበለ ነው። አንቺ ስልክ ስትደውዪና ጫማ ስታደርጊ በጋቢ ጠቅልለው በረንዳ ላይ እያንጎራጎሩ የሚይዙት እሳቸው ይሁኑ። ልጅን ማረጋጋት የክሩፕ ሕክምና አካል ነው ብዬሻለሁ፤ ይህን ከእሳቸው በተሻለ የሚሠራ ሰው ቤትሽ ውስጥ የለም። ጸሎታቸውንም ይጸልዩ። ጠበሉ ግን በሚታፈንበት ሰዓት ፊቱ ላይ አይፍሰስ፤ ሲረጋጋ ይደርሳል።

ባለቤትሽን ዛሬ ማታ አናግሪው፤ ለነገ አትተዪው። እናቱን «አይሆንም» ማለት ያለበት እሱ ነው። የላክሁልሽን አንብቢለት፣ ቪዲዮ ካለሽ አሰሚው፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ከቅዳሜ በፊት ለእናቱ ደውሎ «እማዬ፣ ሐኪም ሳያየው ማንም እንዳይነካው፤ ይህ የኔም ቃል ነው» እንዲል። ያንቺ ብቻ እምቢታ የምራት እልህ ይመስላል። የልጃቸው ቃል ሲሆን ይከብዳል።

በሁሉም ላይ ለስላሳ ሁኚ፣ በዚህ አንድ ነገር ላይ ግን አትለሳለሺ። ቃል እስኪገባልሽ ድረስ ቅዳሜን ልጅሽን ካጠገብሽ አታርቂው። ፈቃድ መውሰድ ከቻልሽ ውሰጂ፣ ካልቻልሽ እህትሽ ወይም የምታምኛት ጓደኛ ጋር ይዋል። ስትወስጂውም በድብቅ አይሁን፤ «ልቤ ስላልረጋ ነው እማዬ» ብለሽ ነግረሻቸው ሂጂ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሕፃንን መጉዳት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። እንድታውቂው ብዬ እንጂ በአማትሽ ፊት እንድታነሺው አይደለም። ሕግ ከተጠራ በኋላ ያ ቡና ተመልሶ አይፈላም። ለሴትዮዋ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልትነግራት ትችላለች፤ ሌላም ልጅ አለና።

ለሌሊቱ ደግሞ ካሁኑ ተዘጋጂ። የባለ ባጃጁን ጎረቤት ስልክ ያዢና «በሌሊት ብደውል ትነሳልኛለህ?» ብለሽ ከወዲሁ ተስማሚ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። የክትባት ካርዱ፣ ትንሽ ገንዘብና የልጁ ልብስ በአንድ ቦርሳ በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ተኚ። ክሩፑ በተደጋጋሚ እየተመላለሰ ከመጣ፣ ወይም ሻካራው ድምፅ ጉንፋን በሌለበትም የሚሰማ ከሆነ የሕፃናት ወይም የጉሮሮ ስፔሻሊስት እንዲያየው ሪፈር ጠይቂ።

ስለ ትልቋ ልጅሽ የጠየቅሽኝ ቀረ። ቫይረሱ ይጋባል፣ በማስነጠስና በእጅ። እሷን ቢይዛት ግን በአምስት ዓመቷ የአየር ቧንቧዋ ስለሰፋ አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋንና የጎረነነ ድምፅ ሆኖ ያልፋል። አሁን አቡሽ እየተሻለው ስለሆነ ብዙ አትስጊ። ሲቻል ለጥቂት ሌሊት ከአያቷ ጋር ትተኛ፣ በአንድ ኩባያ አይጠጡ፣ እጃቸውን በሳሙና አስታጥቢያቸው። ሲጠግብ የነከሰውን ዳቦ ጨርሺለት እንዳትያት።